ቸል የተባለች የመጀመሪያዋ ትውልድ ማዝዳ ሚያታ፦ ምኗን አይቶ መግዛት፣ ከየት ጀምሮ ማደስ

ጣሪያዋ የሚከፈት አሮጌ መኪና ገዝቶ በገዛ እጁ ማደስ ለሚፈልግ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ ከሚገኙት ሁሉ የምትመረጠው ከ1990 እስከ 1997 ሞዴል ያለችው የመጀመሪያዋ ትውልድ ማዝዳ ሚያታ ናት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያቱ ፍጥነቷ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያላቸው። ምክንያቱ አሠራሯ ቀላል መሆኑ ነው። ጣሪያዋ ከፓራብሬዛው ጋር በሁለት መቆለፊያ ይያያዛል፤ ሲፈታ በእጅ ተገፍቶ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ሞተር የለው፣ የሃይድሮሊክ ፖምፓ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። በዚያው ዘመን የተሠሩ ትልልቅ የጀርመን ኮንቨርቲብሎች ጣሪያቸው በሃይድሮሊክ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ መኪናዋ በርካሽ ብትገኝም ጣሪያውን ማስጠገን ብቻውን ኪስ ያራቁታል። ሚያታ ላይ ይህ ሥጋት የለም።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። ሚያታን በሞተሯ ድምፅ መርጦ የሚገዛ ሰው ተሳስቷል። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑ ሁሉም በመጠነኛ ገንዘብ ይድናሉ። የማይድነው፣ ቢድንም ከመኪናዋ ዋጋ በላይ የሚያስወጣው፣ የዛገ ላሜራ ነው። ስለዚህ የማትነሳ ግን ላሜራዋ ደረቅ የሆነች ሚያታ፣ እየዘፈነች ከምትሄድና ደፏ (ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ) ከበሰበሰው ትሻላለች። ሻጭ ብዙውን ጊዜ ዋጋ የሚያስቀምጠው በተቃራኒው ስለሆነ፣ ይህን የሚያውቅ ገዢ ይጠቀማል።

ሚያታ ለሕዝብ የታየችው በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። የምትሠራው ሂሮሺማ ሲሆን፣ ጃፓን ውስጥ ዩኖስ ሮድስተር፣ አውሮፓ ውስጥ ኤምኤክስ-5 ተብላ ተሸጣለች። የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ430 ሺህ በላይ ተመርቷል። ይህ ቁጥር ለሚያድስ ሰው ትርጉም አለው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ዕቃዋ አዲስም አሮጌም እንደ ልብ ይገኛል፣ ዋጋውም ከተራ የቤት መኪና ዕቃ ብዙም አይርቅም።

ከ1990 እስከ 1993 ያሉት 1.6 ሊትር ሞተር አላቸው። ከ1994 ጀምሮ 1.8 ሊትር ሆነ፤ ጉልበቱም ወደ 128 ከፍ አለ፣ የፍሬን ዲስኩ ተለቀ፣ አካሉም ተጨማሪ ማጠናከሪያ አገኘ። ምርጫ ካለ 1994 እና 1995ን እንመርጣለን። ከ1996 ወዲህ ያሉት ደግሞ እንደ ዘመናዊ መኪና በኦቢዲ-2 መመርመሪያ ስለሚነበቡ፣ ገመድ ሰክቶ ችግር ማየት ለለመደ ሰው ይመቻሉ። ሆኖም ደረቅ 1990 እና የዛገ 1995 ጎን ለጎን ከቆሙ ደረቁን ውሰዱ።

ውሃው የሚሄድበት

ጣሪያው ታጥፎ ከሚያርፍበት ቦታ ሥር፣ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ዙሪያውን የሚሄድ የፕላስቲክ አሸንዳ አለ። በጣሪያው ጨርቅ ላይ የወረደው ዝናብ እዚህ አሸንዳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቱቦዎች ወርዶ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ለፊት ከመኪናዋ ሥር ይወጣል። ዲዛይኑ ጥሩ ነው፤ ቱቦው ክፍት እስከሆነ ድረስ። ዛፍ ሥር ለዓመታት የቆመች መኪና ግን ቅጠልና አቧራ ቱቦውን ይደፍነዋል። መውጫ ያጣ ውሃ ሞልቶ ይፈስና ወይ ምንጣፉ ሥር ይተኛል፣ ወይ ከበሩ ሥር ባለው ባዶ ደፍ ውስጥ ይጠራቀማል። ደፉ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ከውጭ ቀለሙ ሲነፋ ያያችሁ ጊዜ ውስጡ ቀድሞ አልቋል ማለት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ባትሪ መብራትና በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይበቃል። ጣሪያውን ከፍታችሁ ከወንበሩ ጀርባ ባለው ጥግ ወደ ቱቦው አፍ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከኋላ ጎማው ፊት ባለው መሬት ላይ ወዲያው ጠብ ጠብ ማለት አለበት። ካልወረደ ወይም ዘግይቶ ቡናማ ሆኖ ከወረደ ደፉን በጥርጣሬ ተመልከቱ። ተንበርክካችሁ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን የደፉን የመጨረሻ አንድ ስንዝር ከታች እዩ፤ ይህች መኪና መዛግ የምትጀምረው እዚያ ነው። በካቻቪቴ እጀታ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ፤ ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰ ወይም በስቱኮ የተሞላ ደግሞ የታፈነ። ማግኔቱ ሌላው ቦታ ላይ እየተጣበቀ እዚያ ከወደቀ ስቱኮ ነው። አዲስ ጥቁር ቅባት ደፉ ሥር ብቻ ተቀብቶ ካያችሁም ሻጩ ምን እየሸፈነ እንደሆነ ጠይቁ። የአንዱን ጎን ደፍ ቆርጦ በአግባቡ መበየድና መቀባት አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ ከአንድ ሺህ ዶላር ያልፋል፤ ሁለቱም ጎን ከሆነ መኪናዋን መተው ነው።

ምንጣፉን አንሡና ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በእጃችሁ ጨምቁት። ከላይ ደርቆ ከሥር የራሰ ምንጣፍ የተለመደ ነው። በ1.6ቱ ሞተር የአሜሪካ ሞዴሎች ላይ የሞተሩ ኮምፒውተር በተሳፋሪው እግር ሥር ከምንጣፉ ጀርባ ስለሚቀመጥ፣ እዚያ የተኛ ውሃ ከዝገትም በላይ ጉዳት ያመጣል። ሳይታሰብ የሚጠፋ ሞተር ሰበቡ እዚህ ሊሆን ይችላል።

የኋላ ኮፈኑን ክፈቱና ባትሪውን እዩ። የሚያታ ባትሪ በስተቀኝ በኩል የዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው ያለው። ከፋብሪካ የመጣው የታሸገና ትንፋሹን በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነበር። ሰው ለርካሽነት ተራ ባትሪ ሲተካበት፣ የአሲዱ እንፋሎትና ፍሳሽ ከሥር ያለውን ላሜራ ይበላዋል። ነጭ ዱቄትና የተላጠ ቀለም ካለ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ አጥቡት፣ አድርቁት፣ ዝገት መከላከያ ቀቡት፣ ከዚያ ኤጂኤም የሚባለውን የታሸገ ባትሪ አስገቡ። ተራ ባትሪ እዚያ መመለስ ችግሩን መመለስ ነው።

በመጨረሻ የደፉን የታችኛውን ጠርዝ ርዝመቱን ሁሉ ተከትላችሁ እዩ። ብዙ ጎማ ቤት ክሪኩን በማይሆን ቦታ ስለሚያስገባ ጠርዙ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ዝገት ይጀምራል። ትክክለኛው ቦታ ከፊት ወፍራሙ መስቀለኛ ብረት፣ ከኋላ ዲፈረንሻሉ ነው። ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያገናኘውን ረጅም የአሉሚኒየም ፍሬም ግን በክሪክ በፍጹም አትንኩት፤ እሱ ከተጣመመ ነገሩ ከጎማ ቅያሬ በላይ ይሆናል።

ለንጽጽር ያህል፣ ከ1998 ጀምሮ የመጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ የኋላ መስኮቷ መስታወት መሆኑ ያማልላል፤ ነገር ግን ከፊት ያሉት የሻንሲ ሳጥኖቿ ከውስጥ በመዛግ የታወቁ ናቸው፣ እሱን ማየትም ማደስም ከደፍ ይከብዳል። ጨው በሚበተንበት አካባቢ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያዋን እንመርጣለን።

ሞተሩ ላይ የሚታየው አንድ ነገር

ሞተሩ ጠንካራ ነው። ታይሚንግ ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም፤ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ ሞተሩ አይሰበርም። ስለዚህ ሻጭ «ቺንጋው ተበጥሶ ቆማለች» ካለ ከመሸሽ ይልቅ ዋጋ ማስቀነስ ነው።

ከዚህ ውጪ የሚሆን አንድ ጉዳይ አለ፤ በ1990 እና እስከ 1991 አጋማሽ ገደማ በተሠሩት ላይ የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) አፍንጫ አጭር ነው። የፊተኛው ፑሊ የተያዘበት ትልቁ ቡሎን ባለፈው የቺንጋ ቅያሬ በደንብ ካልጠበቀ፣ ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የምትይዘው ትንሽ ብረት፣ ቁልፍ የምትባለው፣ በመቀመጫዋ ውስጥ ትጫወታለች፣ መቀመጫዋን ታሰፋዋለች፣ የሞተሩ ታይሚንግ ይዛባል፤ መጨረሻው ክራንክሻፍት መቀየር ነው። ለመለየት ከፊት ጎንበስ ብላችሁ ፑሊው ፊት ላይ ያሉትን ክፍተቶች ቁጠሩ። አራት ከሆኑ አጭሩ ነው፣ ስምንት ከሆኑ ረጅሙና አስተማማኙ ነው። አጭሩ ከሆነ ሞተሩን አስነሥታችሁ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) እያለ ፑሊውን ከጎን አተኩራችሁ እዩት፤ ቀጥ ብሎ መዞር አለበት። እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ጉዳቱ ጀምሯል። ገና ከሆነ መቀመጫውን አጽድቶ፣ አዲስ ቁልፍና አዲስ ቡሎን ሎክታይት 660 ከሚባለው ማጣበቂያ ጋር ማሰር ብዙዎችን አድኗል። ካልተነካ ደግሞ አትፍሩት፤ ቡሎኑ በልኩ ከጠበቀ አጭሩም ረጅም ዕድሜ ይሠራል። ልኩ ለአጭሩ ከ80 እስከ 87 ፓውንድ-ፉት፣ ለረጅሙ ከ116 እስከ 123 ነው። በዚህ ቡሎን ላይ በግምት መሥራት ክልክል ነው፤ ቶርክ ቁልፍ የሌለው ሰው ተከራይቶ ያምጣ።

ሲነሣ ከላይ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቫልቮቹን የሚገፉት የሃይድሮሊክ ፑንቴሪያዎቹ ናቸው። ዘይት ሲደርሳቸው ወይም ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ችግር የለም፤ ብዙ ጊዜ ሁለት የዘይት ቅያሬ ይበቃዋል። ከሥር የሚመጣ ወፍራም ኳኳታ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ከሰማችሁ ሂዱ። የራዲያተሩን የላይኛውን ፕላስቲክም እዩ፤ አዲሱ ጥቁር ነው፣ ዕድሜው ሲያልቅ ወደ ቡናማና አረንጓዴ ይለወጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ቡናማ ከሆነ ውሃ ባያፈስም ቀይሩት፤ ሞተር ከማቃጠል መቶና መቶ ሃምሳ ዶላር ይሻላል።

ከቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ የሚወርድ ዘይት ሲያይ ብዙ ሰው «የክራንክሻፍቱ የኋላ ፓራዎሊ (ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ) ሄዷል» ብሎ ካምቢዮ ያስወርዳል። አትቸኩሉ። እዚያው ከላይ የካምሻፍቱን አቀማመጥ የሚያነበው የካም አንግል ሴንሰር አለ፤ በውስጡ ያለው ኦሪንግ ሲደርቅ ዘይት በሞተሩ ጀርባ ይወርድና ከሥር ሲያዩት ፓራዎሊው ይመስላል። ኦሪንጉ ጥቂት ዶላር ነው። ሴንሰሩን ከማውጣታችሁ በፊት ከቴስታታው ጋር ያለውን አቀማመጥ በስለት ምልክት አድርጉበት፤ ሲዞር የሚቀየረው የእሳቱ ሰዓት ነውና። መልሳችሁ ስታስገቡ፣ እስከ 1995 ባሉት ላይ በሞተሩ ክፍል ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ቲኢኤን (TEN) እና ጂኤንዲ (GND) የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝታችሁ፣ በሚኒሞ 850 ዙር ላይ በታይሚንግ መብራት 10 ዲግሪ አድርጉት።

ለዓመታት ቆማ የኖረችን ማስነሣት

ቁልፍ ጠምዝዞ «እስኪ ትነሣ እንደሆነ» ማለት ጎጂ ነው። በመጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጡና በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ። አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ክራንክሻፍቱ ቡሎን ላይ 21 ቁጥር ቁልፍ አስገብታችሁ በሰዓት አቅጣጫ በእጅ አዙሩት። ሳይነክስ ሁለት ሙሉ ዙር ከዞረ ሰላም ነው።

ከዚያ ቤንዚኑ። ኤታኖል የተቀላቀለበት የአሜሪካ ቤንዚን በወራት ይበላሻል፤ የቫርኒሽ ሽታ ከሸተተ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፣ አዲስ ጨምሮ ማቅጠን አያድነውም። ከታንኩ አጠገብ ያለውን የነዳጅ ፊልትሮ ቱቦ ፈታችሁ በጄሪካን አስገቡና በመመርመሪያ ሳጥኑ ኤፍ/ፒ (F/P) እና ጂኤንዲን አገናኙ፤ ቁልፉ ሲበራ የመኪናዋ ፖምፓ ራሱ ቤንዚኑን ያወጣዋል። ይህን ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ ከማንኛውም እሳት ርቃችሁ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ሥሩ። አዲስ ፊልትሮ አስገቡ።

ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ፤ 1.6ቱ ከፊልትሮው ጋር 3.4 ሊትር ገደማ፣ 1.8ቱ 3.8 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ፊልትሮው ከአየር ማስገቢያው ሥር ተደብቆ ስለተቀመጠ መጀመሪያ ያናድዳል፤ የፊተኛው ቀኝ ጎማ ከወለቀ ከጎን በኩል እጅ ይደርሳል። አሁን ካንዴላ ሳይገባ በሞተሪኖ እያረፋችሁ አሽከርክሩት፣ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሣ። እስከ 1994 ባሉት ላይ ይህ መለኪያ እውነተኛ ነው፤ ከ1995 ጀምሮ ያለው ግን ግፊት ካለ መሐል ላይ ይቆማል እንጂ ልኩን አይናገርም። አዲስ ካንዴላ በ1.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ አዲስ የካንዴላ ገመድም ጨምሩበት። ዳገት ላይ ስትጫን የምትንቀጠቀጥ ሚያታ አብዛኛውን ጊዜ ችግሯ ገመዱ ነው፤ ሰዎች ግን ኮይልና ኢንጀክተር እየቀየሩ ገንዘብ ይጨርሳሉ።

ከተነሣች በኋላ ኮምፕረሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ ለኩ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚናገረው፤ ሦስቱ 175 ፒኤስአይ ሆነው አንዱ 120 ከሆነ ዕረፍት የለም። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ወደ ቺንጋው እለፉ።

የታይሚንግ ቺንጋው ታሪክ በወረቀት ካልተረጋገጠ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። የሚቀየረው በየ60 ሺህ ማይል ነው። በዚያው ሥራ የውሃ ፖምፓውን፣ የመወጠሪያና የማለፊያ ኩሽኔታዎቹን፣ የካምሻፍቶቹንና የክራንክሻፍቱን የፊት ፓራዎሊ፣ ቴርሞስታቱንና የውጭ ቺንጋዎቹን አንድ ላይ ቀይሩ፤ ዕቃው ተለያይቶ ቢገዛ ያው ነው፣ መፈታቱ ግን ሁለት ጊዜ ይሆናል። አዲሱን ቺንጋ ካስገባችሁ በኋላ ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ምልክቶቹ ሁሉ ቦታቸው መመለሳቸውን እዩ። አንድ ጥርስ ብትስት መኪናዋ ትነሣለች፤ ግን ደካማና የምትንተፋተፍ ትሆናለች፣ ምክንያቱንም ሌላ ቦታ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። የራዲያተር ውሃው 6 ሊትር ነው፣ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ። የፊቷን ከፍ አድርጋችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ አየሩን አስወጡ።

ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ

ከመሄድ በፊት መቆም። ቆማ በኖረች ሚያታ ላይ የኋላ ካሊፐሮች (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት) ይነክሳሉ። እያንዳንዱን ጎማ አንሥታችሁ በእጅ አሽከርክሩ። ከኋላ የሚከብድ ካለ ካሊፐሩ ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚስበውን ክንድ እዩ፤ ሲለቀቅ ሙሉ በሙሉ ወደ መቆሚያው መመለስ አለበት። የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አውጥታችሁ አጽዱ፣ የሲሊኮን ግሪስ ቀቡ። የኋላው ማስተካከያ ከካሊፐሩ ጀርባ በመዝጊያ ቡሎን ተሸፍኗል፤ ከፍታችሁ በ4 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ሸራዎቹ ዲስኩን እስኪይዙ አጥብቁና አንድ ሦስተኛ ዙር መልሱት። «የእጅ ፍሬኑ አይዝም» የተባሉት ብዙዎቹ በዚህች ማስተካከያ ብቻ ይድናሉ። የፍሬን ዘይቱ ዶት 3 ነው፤ ጥርት ብሎ እስኪመጣ አንድ ሊትር ያህል ያስፈልጋል።

ፍሪሲዮን ተረግጦ ማርሽ አልገባ ካለ ካምቢዮ አታውርዱ። በቀኝ በኩል ካምቢዮው ላይ በሁለት ቡሎን የታሰረው የታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ በሚያታ ላይ አላቂ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። የጎሚኒ ሽፋኑን ገለጥ አድርጉ፤ ከውስጥ ከራሰ አልቋል። ሃያ ሠላሳ ዶላርና አንድ ሰዓት ነው ሥራው። የላይኛውንም አብሮ መቀየር ብልህነት ነው፤ አዲሱ የታችኛው ጥብቅ ሲሆን ደካማው የላይኛው ቀጥሎ ይለቃል።

ካምቢዮው 2 ሊትር 75ደብሊው-90 ዘይት ይወስዳል፤ ጂኤል-4 የሚል ይሁን። አንዳንድ ጂኤል-5 ዘይት ውስጡ ያለው ተጨማሪ ቅመም የማርሾቹን የነሐስ ሲንክሮናይዘር ይጎዳል። ጂኤል-5 ቦታው ዲፈረንሻሉ ነው፦ ለ1.6ቱ 0.65 ሊትር፣ ለ1.8ቱ 1 ሊትር። ሁለቱም ላይ ማውረጃውን ከመፍታታችሁ በፊት መሙያው ቡሎን መፈታቱን አረጋግጡ። ዘይቱን አውርዳችሁ መሙያው እንቢ ካለ መኪናዋ ባለችበት ቀረች።

ብዙ ሰው የማያውቀው የማርሽ ዘንጉ የቆመባት ትንሽ ጉድጓድ የራሷ ዘይት እንዳላት ነው፤ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሊትር። ከላይ ያለው ጎሚኒ ሲቀደድ ዘይቷ ይደርቃል፣ ማርሹ ይንገጫገጫል፣ ሙቀትና ጩኸት ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ጎሚኒዎችና ታች ያለችውን የፕላስቲክ ቀለበት ቀይራችሁ ዘይት ስትጨምሩባት የማርሹ አገባብ ይለወጣል። በዚህች መኪና ላይ በትንሽ ገንዘብ ይህን ያህል ደስታ የሚሰጥ ሌላ ሥራ የለም።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ቢሆንም ከጎን ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠሩበት ዓመት ናቸው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ይጣል። ልኩ 185/60 አር14 ነው። አላይመንት የሚስተካከልባቸው ረጃጅም ቡሎኖች በቡሺንጋቸው ውስጥ ዝገው መንከስ ይወዳሉ፤ ለአላይመንት ከመውሰዳችሁ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ዘይት እየረጫችሁ ቆዩ። ካልሆነ ሠራተኛው «አይስተካከልም» ብሎ ይመልሳችኋል።

ጣሪያው

አዲስ ገዢ መጀመሪያ የሚገዛው ጣሪያ ነው፤ መጨረሻ መሆን ነበረበት። ሞተርና ፍሬን እየተሠራ ሰው ሲወጣና ሲገባ፣ ዕቃ ሲጎተት፣ አዲስ ጣሪያ ይቀደዳል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። እስከዚያው የተቀደደውን ውሃ በማያስለቅቀው ቴፕ ይዛችሁ መኪናዋን ከጥላ ሥር አቁሙ።

ከፋብሪካ የመጣው ቪኒል ሲሆን የኋላ መስኮቱ በዚፕ የሚፈታ ፕላስቲክ ነው። ምትኩ በፕላስቲክም በመስታወትም መስኮት ይገኛል፤ ቪኒሉ በጥቂት መቶ ዶላር፣ ጥሩ ጨርቅና መስታወት ያለው ወደ ሺህ ይጠጋል። መስታወቱ አይደበዝዝም፣ ማሞቂያ ያለው ከሆነም በክረምት ያገለግላል። ፕላስቲኩ ግን ቀለል ያለ ነው፣ በበጋ መስኮቱን ብቻ አውርዶ መሄድም ያስችላል። በየቀኑ ለሚነዳት መስታወቱን፣ ለቅዳሜና እሑድ ለሚያወጣት ፕላስቲኩን እንመክራለን።

ሥራው ለሁለት ሰው አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። አሮጌውን ስታወልቁ የፕላስቲክ አሸንዳውን ተጠንቀቁ፤ ከዕድሜ ብዛት እንደ ብስኩት ይሰበራል። ስንጥቅ ካለበት አዲስ ግዙ፣ በተሰነጠቀ አሸንዳ ላይ አዲስ ጣሪያ መትከል ገንዘብ መጣል ነው። የጨርቁን ጠርዝ የያዙትን ሪቬቶች በድሪል አውጡ፤ አሮጌው የት የት እንደተያዘ ፎቶ አንሡ። አዲሱን በብርድ አትትከሉት፤ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ሲለሰልስ ሥሩ። መጀመሪያ ከኋላ አሸንዳውን በዳዶዎቹ ያዙ፣ ቀጥሎ የጎን ገመዶቹን፣ በመጨረሻ የፊቱን። ሲያልቅ መቆለፊያው ለመግጠም እጅግ ይከብዳል፤ ያ ትክክል ነው። ቆልፋችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት፣ ራሱ ይለጠጣል።

የፕላስቲክ መስኮት ያለውን ስታጥፉ ሁልጊዜ ዚፑን ፈታችሁ መስኮቱን አውርዱ፤ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ደግሞ ጭራሽ አትጠፉት፣ ይሰነጠቃል። አሞኒያ ያለበትን የመስታወት ማጽጃ አታስነኩት። ቱቦዎቹን የሣር ማጨጃ ማሽን ላይ በሚገባው ወፍራም የፕላስቲክ ክር ቀስ ብላችሁ አጽዱ፤ የልብስ መስቀያ ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል።

ሌላው በፍጥነት፦ ብቅ የሚሉት መብራቶች ካልተነሡ በሞተራቸው ላይ ያለውን ጉብታ በእጅ እያዞራችሁ ማንሣት ይቻላል፤ መስኮት ሲወጣ የሚያቃስት ከሆነ መሄጃውን አጽድታችሁ የሲሊኮን ቅባት ስጡት፣ ገመዱ ከተተረተረ ግን መቀየር ነው። የበር ጎሚኒዎች ኦሪጅናሎቹ ውድ ናቸው፤ ካልተቀደዱ በሲሊኮን ግሪስ ነፍስ ይዘራሉ። ከመኪናዋ ጋር ጠንካራው ጣሪያ አብሮ የሚሸጥ ከሆነ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ፤ ለብቻው ከሺህ ዶላር በላይ ያወጣል።

ዋጋና ወረቀት

ቸል የተባለች ግን ያልዛገች ሚያታ ከ3,000 እስከ 5,000 ዶላር አካባቢ ትገኛለች። ቺንጋ ከነፖምፓው፣ ራዲያተር፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን ፖምፓዎች፣ ዘይቶች፣ ባትሪ፣ ጎማና ጣሪያ ሲደመር፣ ጉልበቱ የራስ ከሆነ ከ2,000 እስከ 2,500 ዶላር ያዙ። ሁሉንም ጋራዥ ካሠራችሁ ቁጥሩ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ያኔ የታደሰችውን ከሌላ ሰው መግዛት ይሻላል።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ላለን በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ጠላታችን ስለሆነ፣ ከካሮላይናዎቹና ከጆርጂያ የመጣች መፈለግ ለቤንዚኑ ይከፍላል። ከአሪዞና የመጣች ላሜራዋ ደረቅ ነው፣ ጎሚኒውና ዳሽቦርዱ ግን በፀሐይ ተሰነጣጥቀው ይጠብቋችኋል፤ ይህ የሚሻል ችግር ነው። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ሳልቬጅ (በጉዳት ከጥቅም ውጪ የተባለች) ወይም ሪቢልት (ከዚያ በኋላ የተሠራች) የሚል ካለ የተጋጨችበትን ቦታ ሳታውቁ አትፈርሙ። ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለች መኪና በስም ለማዞር የደኅንነት ምርመራ ያስፈልጋል፤ የማትሄድ መኪና ገዝታችሁ ታርጋ ለማውጣት ከመሮጣችሁ በፊት ፍሬን፣ ጎማና መብራት ይለቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት ያለፋት መኪና የአንቲክ ታርጋ ማግኘት ትችላለች፤ ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ትሆናለች፣ በምትኩ ለየቀኑ ሥራ መመላለሻ አትውልም። ለኢንሹራንስም ዋጋዋ አስቀድሞ በስምምነት የሚጻፍበትን ዓይነት ጠይቁ፤ በተራው ኢንሹራንስ ብትመታ የሚከፈላችሁ ያወጣችሁትን ሩብ ላይሆን ይችላል። አድሳችሁ ወደ አገር ቤት ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ይህን ሐሳብ ከመግዛታችሁ በፊት ተዉት።